ነጭ ለብሰሽ ነይ

ያልሞተ ሰው እንዲለቀስለት አድርጌ አውቃለሁ። ያውም አንድ ቃል ሳልተነፍስ፣ በለበስኩት ልብስ ብቻ።

ነገሩ የሆነው ሞጣ፣ ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ ነው። ዘመኑ የደርግ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ብቸና እናቴ ቤት ተቀምጫለሁ፤ ውጤቴ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ አልሆነም። አባቴ ከሞተ ገና መንፈቁ አልወጣም። ሞጣ ያለው ሆስፒታል ያለ ደመወዝ በፈቃዳቸው የሚያግዙ ወጣቶችን ይፈልጋል፣ በደንብ ያገለገለውን ኋላ ለጤና ረዳትነት ሥልጠና ይልካል የሚል ወሬ ብቸና ደረሰ። ሌላ በር አልነበረኝም። ይህ ካልሆነ የሚቀረኝ እናቴ ጓዳ እህል እየለቀምኩ የሚያገባኝን ሰው መጠበቅ ነው፤ እኔ ደግሞ መጠበቅ የሚባል ነገር አይሆንልኝም። በጭነት መኪና ላይ ከእህል ጆንያ ጋር ተጭኜ፣ ግንደወይን ላይ መኪናው ሲያራግፍና ሲጭን ፀሐይ ፈጅቶኝ፣ ሞጣ ገባሁ።

ስለ ልብስ አላሰብኩም። ምን አስቤ! ያለኝ ሁሉ ጥቁር ነው። አባቴ በሞተ በሠልስቱ እናቴ ጥቁር ቀለም በትልቅ ድስት አፍልታ የእኔንም የራሷንም ልብስ አንድ ሳታስቀር ነክራዋለች። የተማሪ ቤት ሸሚዜ አልቀረ፣ የጥምቀት ቀሚሴ አልቀረ። ፀጉሬን ተላጭቼ ጥቁር ሻሽ አስሬአለሁ፤ ከላይ ጥቁር ነጠላዬን አዘቅዝቄአለሁ። በአገራችን ልጅ ለአባቷ ሙት ዓመቱ እስኪወጣ ከል ትለብሳለች፤ ቀድማ ብታወልቅ የሰው አፍ ይበላታል። እንዲያ ሆኜ ነው እንግዲህ፣ ጨዋነቴ ከሩቅ ይታይልኝ ብዬ፣ የሆስፒታሉን በር ያለፍኩት።

የነርሶቹ አለቃ ቀዶ ጥገና ክፍል አካባቢ ናት ተብዬ ወደ ውስጥ ገባሁ። አጣኋት። አንዲት ነርስ አለቃዋን ውጪ እንድጠብቅ ነገረችኝና በክፍሉ በር አብረን ወጣን። ከደጁ አስታማሚ ሞልቷል፤ ስንቅ የያዘ፣ ግድግዳ ተደግፎ የሚያንቀላፋ፣ ዳዊት የሚደግም። ከመካከላቸው አንዲት ሴት ብድግ አለች። ባሏ ውስጥ ነው፤ ጠዋት ሆዱን ተቀድዷል። እኔን አየች። ያዘቀዘቅሁትን ነጠላ አየች። ከጎኔ ያለችውን ነርስ አየች። ከዚያ በሁለት እጇ ፊቷን እየነጨች ጮኸች።

ደነገጥኩ። ምን እንደሆነች እንኳ አልገባኝም። በእኛ አገር ማን ሞተ ብሎ ጠይቆ የሚያለቅስ የለም፤ አልቅሶ ነው የሚጠይቀው። ከጎኗ ያሉት ተቀበሏት፣ ዛፍ ሥር ያሉት ተነሡ፣ ግቢው በአንድ አፍ አለቀሰ። እውነቱን ለመናገር እኔም አለቀስኩ። አባቴ የሞተው በዚሁ ግቢ ነው፤ እኔ ፈተና ላይ ስለነበርኩ አልደረስኩለትም፤ ያንን የሰው ለቅሶ እንዳገኘሁ የራሴን ጨመርኩበት። እኔ ሳለቅስ ያዩት ደግሞ ነገሩ የተረጋገጠ መሰላቸውና ባሰባቸው።

የነርሶቹ አለቃ እየሮጠች መጣች። ማን ሞተ አለች። ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። አላውቅም አልኩ። ሰውዬው አልሞተም ነበር፤ አልጋው ላይ ሆኖ የራሱን ለቅሶ እየሰማ ነበር። እንዲያ የደነገጥኩበት ቀን የለም ብል ደስ ባለኝ፤ ግን አለ፤ እሱ ኋላ ይመጣል።

ሲስተር፣ ሁላችንም እንደዚያ ነው የምንጠራት፣ ክንዴን ይዛ ቢሮዋ አስገባችኝ። ትቆጣለች ብዬ ስጠብቅ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ተናገረች።

«ሐዘንሽን አከብራለሁ። ግን በሽተኛ መድኃኒቱን አያይም፤ የሚያየው የሚመጣበትን ሰው ነው። ቃለ መጠይቁ ከነገ ወዲያ ጠዋት ነው። ነጭ ለብሰሽ ነይ። ካልሆነ አትምጪ።»

ያረፍኩት አክስቴ ቤት ነው። የአባቴ ታላቅ እህት ናቸው፤ ባላቸውን ቀብረዋል፣ ልጅ የላቸውም። አባቴ ታሞ ከብቸና ሲመጣ ያስታመሙት እሳቸው ናቸው፤ ዓይኑንም የከደኑት እሳቸው። ከዚያን ቀን ወዲህ በሆስፒታሉ ደጅ ላለማለፍ ገበያ ሲሄዱ እንኳ ዙሪያውን ይዞራሉ። እኔም ይህን እያወቅሁ የመጣሁበትን ጉዳይ ዘመድ ጥየቃ አስመስዬባቸው ነበር። አሁን ግን ነጭ ልብስ ያስፈልገኛልና ሁሉንም ነገርኳቸው።

ይፈትሉ ነበር። እንዝርቱን አስቀመጡት።

«ወንድሜን ለበላ ቤት ልታገለግዪ? ያውም ከሉን ጥለሽ?»

እኔም ምላሴን የሚይዝልኝ የለም። አባቴን የበላው በሽታው ነው፣ ዘግይተን ነው ያመጣነው፣ ሆስፒታሉ ምን ያድርግ አልኳቸው። ከሉን ብጥል እሳቸው እንደሚያፍሩብኝ፣ ብቸና ያለው ዘመድ ሁሉ ስሜን እንደሚያነሣው አውቃለሁ፤ ባልጥለው ደግሞ ዕድሜዬን ጓዳ መቅረቴ ነው አልኩ። ተነሥተው ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ሣጥናቸውን ከፈቱ፣ አንድ ነገር ከነጠላቸው ሥር ሸጎጡና ወጡ። ወደ ንስሐ አባታቸው ሄደው ሊያስወግዙኝ ነው ብዬ ደነገጥኩ።

በማግስቱ ቀኑን ሙሉ ነጭ ፍለጋ ዞርኩ። የቀበሌው ሱቅ ካኪ እንጂ ነጭ ጨርቅ ካየ ከርሟል። የመስጊዱ ሰፈር ነጋዴዎች፣ ድሮ አቡጀዲ እንደ ጉድ የሚሸጡት፣ ባዶ መደርደሪያቸውን አሳዩኝ። አንዲት ደግ ልጅ ነጭ ሸሚዟን አዋሰችኝ፤ ክንዴን አስገብቼ ትከሻዬ ላይ ቀረ። የምለብሰው ባጣ አልሄድም ብዬ ቆርጬ ተኛሁ።

ጠዋት አክስቴ ቀሰቀሱኝ። እጃቸው ላይ ነጭ ቀሚስ አለ። የፈትል ነው፤ ጥልፍ የለው፣ ጥለት የለው፣ ድፍን ነጭ። አዲስ ነው፤ ስፌቱ ትኩስ፣ የእጥፋቱ መስመር ግን የቆየ። ከየት እንዳመጡት ብጠይቅ፣ ልበሺ እንጂ አትመርምሪ አሉኝ። ተንበርከኪ ሲሉኝ ተንበረከክሁ። ከል ታላቅ ሰው ነው የሚያወልቀው፤ ሥርዓቱ እንደዚያ ነው። ጥቁሩን ሻሽ ከራሴ ላይ ፈቱና ራሳቸው ላይ፣ በራሳቸው ጥቁር ሻሽ ላይ ደርበው አሰሩት።

«ከሉን ለሁለታችንም እኔ እለብሰዋለሁ» አሉ። «አባትሽ ሊያልፍ ሲል ውሃ ያጠጣችው አንዲት ነጭ የለበሰች ልጅ ናት። ፊቷን አላየሁትም፤ እንባ ጋርዶኛል። ልብሷ ግን እስከ ዛሬ ይታየኛል። ሂጂ።»

ማልቀስ ፈልጌ ነበር፤ ግን ቀሚሱን እንዳላበላሸው ፈራሁ። ለካ የምፈራለትን አላውቅም።

ቃለ መጠይቁን ያደረጉልኝ ሲስተርና ከወጣቶች ማኅበር የተላከ ካኪ ለባሽ ናቸው። ሰውዬው ለሰፊው ሕዝብ ያለኝን ፍቅር ጠየቀኝ፤ ሁሉም ሰው የሚመልሰውን መለስኩ። ሲስተር ግን ፍቅር አልጠየቀችኝም። ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ፣ ቀሚሱን አየች፣ ፈገግ አለች።

«ሬሳ ትፈሪያለሽ?» አለችኝ።

አልፈራም አልኩ። እጄን አመሳቅዬ፣ ቀጥ ብዬ፣ በዚያ ቀሚስ ውስጥ ሆኜ፣ ምን ያስፈራል አልኳት። ተቀበሉኝ።

የመጀመሪያው ሥራዬ ለበሽተኞች ውሃ ማደልና አልጋ ማንጠፍ ነበር። ያ በሕይወቱ የተለቀሰለት ሰውዬ እስኪያገግም እዚያው ነው። መጀመሪያ አላወቀኝም፤ ነጭሽ ደስ ይላል፣ ሲያዩት ተስፋ ይሰጣል እያለ ይመርቀኝ ነበር። ኋላ ማንነቴን ሚስቱ ነገረችው። ከዚያ በኋላ መርዶ ነጋሪዬ መጣች እያለ ክፍሉን ያስቀዋል። የማን ለቅሶ የደመቀ እንደነበረ፣ የትኛው ዘመዱ ድምፁን ሳያወጣ እንደቀረ ሳይቀር ቆጥሮ ይዟል። አንድ ቀን ለቁስል የሚቀባውን ጂቪ የሚሉትን ወይን ጠጅ ቀለም ያለውን መድኃኒት ይዤ ነርሷን ስረዳ በሳቁ ተወራጨና ብልቃጡን በክንዱ መታው። የቀሚሴ ፊት ከወገቤ ዝቅ ብሎ ተዥጎረጎረ። ጂቪ ደግሞ የነካውን አይለቅም።

አክስቴ ሲያዩት ፊታቸው ተለወጠ። እንዶድ ይዘው ወንዝ ወረዱ። ሲያሹት፣ ሲዘፈዝፉት፣ ድንጋይ ላይ ሲመቱት ዋሉ፤ እጃቸው ተላጠ። ቀለሙ ፈዘዘ እንጂ አልለቀቀም። እኔ ሳላውቅ በነገር ወጋኋቸው፤ ጨርቅ ነው፣ ስለ ጨርቅ ምን ያስጨንቃል አልኩ። ወዲያው ወደ እንዝርታቸው ተመለሱ።

መፍተሉን ወትሮም ይወዳሉ፤ ግን እኔ ሥራ ከጀመርኩ ወዲህ በዛባቸው። ዓይናቸው ደክሞ ክሩ ሲበጠስ ጊዜ በመዳበስ ይቀጥሉታል። በገበያ ቀን ከዓባይ በረሃ የሚወጡ ቆለኞች ጥጥ ያመጣሉ፤ ከእነሱ ጥቂት ጥቂት እያመጣሁ የምሰጣቸው እኔ ነኝ። የፈተሉትን ክር ልቃቂት እያደረጉ በመሶብ ያስቀምጡታል። መሶቡ ሲሞላ ሳይ ደስ ይለኝ ነበር። በርትተዋል እኮ፣ ለፋሲካ ነጠላ ሊለብሱበት ነው እያልኩ እቀልድ ነበር።

ነጠብጣቡን በኪስ ልሸፍነው አሰብኩ። ቀሚሱን የሰፉት፣ ከጎረቤት እንደሰማሁት፣ በመስጊዱ መንገድ፣ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናቸውን የዘረጉ ጎልማሳ ሙስሊም ናቸው፤ የአክስቴ የድሮ ጎረቤት። እዚያው ቀሚሱን እንደለበስኩ ሄድኩ። ለሰልፍ የሚሆን ካኪ ክምር ይሰፋሉ። ከዚህ ጨርቅ ቁራጭ ተርፎዎት እንደሆነ አንድ ኪስ ይስፉልኝ አልኳቸው። ነጠብጣቡን አይተው መኪናቸውን አቆሙ።

«የተረፈውን አክስትሽ ይዘውት ሄደዋል» አሉኝ። «ፊቴን ለመሸፈን ይበቃኛል ብለው።»

«ፊታቸውን ለምን ይሸፍናሉ?»

ሰውዬው መቀሳቸውን አስቀመጡ። «አልነገሩሽም?»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። አክስቴ አልነገሩኝም ነበር፤ ልብስ ሰፊው ነገሩኝ። ጨርቁ የአክስቴ መገነዣ ነበር። ባላቸው ከሞቱ ጀምሮ ጥጡን ራሳቸው ፈትለው፣ ሸማኔ አሠርተው፣ ደብር ድረስ ተሸክመው ሄደው ጠበል አስነክረው፣ ቀናቸው ሲደርስ ሊገነዙበት ከሣጥናቸው ሥር ያስቀመጡት ነው። ያን ዕለት ከነጠላቸው ሥር ሸጉጠው ያመጡት እሱን ነበር። ልብስ ሰፊው ጨርቁን ሲያዩ ምን እንደሆነ አውቀዋል። በእናንተም በእኛም ይህ ጨርቅ መርፌ አይገባበትም፣ አልቆርጥም ብለው ነበር። አክስቴ ግን ቁረጥ፣ ኃጢአቱ በእኔ ነው ብለው መቀሱን ራሳቸው አንሥተው አስያዟቸው።

ይኸው ይህ ነው ኋላ ይመጣል ያልኩት ድንጋጤ። መንገድ ላይ በቆምኩበት ላወልቀው አማረኝ። ቆዳዬ ጨርቁን ሸሸው። ሬሳ ትፈሪያለሽ ስባል አልፈራም ብዬ የተንጎራደድኩት መገነዣ ለብሼ ነው። በሽተኛው ሞትን እንዳያይብኝ ጥቁሬን አውልቄ፣ የለበስኩት የሞትን የራሱን ልብስ ኖሯል። ያም ሰውዬ ተስፋ ይሰጣል እያለ የመረቀኝ እሱን አይቶ ነው። ለልብስ ሰፊው ምን ብዬ እንደወጣሁ አላስታውስም። ጨርቅ ነው ያልኩት ቃል ግን እስከ ቤት ድረስ ጆሮዬ ላይ ነበር።

አክስቴ ደጃፍ ተቀምጠው ይፈትላሉ።

«ለምን አልነገሩኝም?»

አላስተባበሉም። «ብነግርሽ ትለብሺው ነበር?»

«አልለብስም ነበር።»

«እንግዲያውስ።»

ቢሞቱስ አልኳቸው። አፌ ላይ የመጣልኝ ይኸው ነበር፤ ደፍሬ ልላቸው የማይገባኝን አልኳቸው። ሳይቆጡ እንዝርቱን ከፍ አድርገው አሳዩኝ።

«ሌላ ይዣለሁ። ይህን ፈትዬ ሳልጨርስ የትም አልሄድም፤ ለአምላኬም ነግሬዋለሁ።»

መሶቡን አየሁት። ልቃቂቱ እስከ አፉ ሊደርስ ምንም አልቀረው። እኔ ነኝ ጥጡን ያመጣሁላቸው፤ እኔ ነኝ በርትተዋል ያልኳቸው። ሆስፒታል ውስጥ ሰው ሲያልፍ ዓይን ሲከደን እያየሁ ያልፈራሁትን ሞት በአንድ መሶብ ክር ፈራሁት።

ከዚያ ወዲያ ጥጥ ማምጣት ተውኩ። በገበያ ቀን ሲጠይቁኝ ረሳሁት እላለሁ። በሚቀጥለው ገበያ ቆለኞቹ አልወጡም እላለሁ። እሳቸውም የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነው፣ እኔም አልቸኮልኩም ይሉኛል። ያዘገየኋቸው መስሎኝ ልቤ አረፈ። እንዲህ ዓይነት ሞኝ ነበርኩ።

ለሥልጠናው መመረጤን የሰማሁ ዕለት እየሮጥኩ ቤት ገባሁ። የምሥራቹን ነገርኳቸው። እልል አሉ፤ ጉልበታቸውን ስሜ ሳልነሣ መረቁኝ። ከዚያ ባዶውን የጥጥ ቁና ገልብጠው አሳዩኝ። ያለቻቸውን የመጨረሻ ጥጥ ያን ቀን ፈትለው ነበር። ደስ ብሏቸው ነው የሚናገሩት፤ ይኸው አለቀልኝ፣ ቢያንስም ሸማኔው ይጨርሰዋል፣ ነገ እወስድለታለሁ፣ አንቺም መንገድሽን አገኘሽ አሉኝ።

ጥጡን የከለከልኳቸው እንዲዘገዩ ነበር፤ የእሳቸው ስእለት ግን ጥጡ ሲያልቅ ነው የሚፈታው። በገዛ እጄ ነው ዕድሜያቸውን ያሳጠርኩባቸው። ምን እንደምሠራ ሳላውቅ ጓዳ ገባሁ። እናቴ በብቸና መኪና የላከችልን ጤፍ በጆንያ እንዳለ ቆሟል። ቀኑ የገበያ ቀን ነው። ለሥልጠና የምሄድበትን የስንቅ ጤፍ ሳይቀር ጎረቤት ለምኜ አሸክሜ ቆለኞቹ ዘንድ ሄድኩና እንዳለ በጥጥ ለወጥኩት። ሰዎቹ ከነፍሬው ያለውን ጥጥ ሁሉ እየሳቁ አስረከቡኝ። ጆንያዎቹ የአክስቴ በር ጠብቧቸው፣ ተገፍተው ገቡ፤ ቤቱ እስከ ምሰሶው ነጭ በነጭ ሆነ።

አክስቴ መጀመሪያ የደነገጡት ለጤፉ ነው። «ምን ልንበላ ነው?»

«እሱን አላሰብኩትም» አልኳቸው።

ክምሩን ዞር ብለው አዩት። ገባቸው። ከወንድማቸው ሞት ወዲህ ሲስቁ ያየኋቸው ያን ዕለት ብቻ ነው፤ በሁለቱ ጥቁር ሻሽ ሥር ፊታቸው የልጅ ሆነ።

«ይህን ሁሉ መቼ ፈትዬ ልጨርሰው ነው?»

«ሳይጨርሱ የትም አልሄድም ብለዋል» አልኳቸው።

እግራቸውን ዘርግተው ተቀመጡና ከጆንያው አንድ እፍኝ ጥጥ አወጡ። እኔም ቀሚሴን ሳላወልቅ አጠገባቸው ቁጭ አልኩ፤ ፍሬውን መልቀም ጀመርን።